ትራክ ሐዲድ ላይ ቢቀር ባቡሩ ማቆም ይችላል?

የመንገድ ሰው (ጥያቄ)
ሰላም ለሁላችሁ። አሜሪካ ውስጥ ባለ 53 ጫማ ትሬለር ለሚጎትቱ ሹፌሮች የሚሆን መልስ እፈልጋለሁ። የባቡር ማቋረጫ ላይ ጌቱ (መንገዱን የሚዘጋው አግዳሚ) መውረድ ሲጀምር ባቡሩ ምን ያህል ቀርቧል? ትሬለሩ ሐዲዱ ላይ ቢቀረቀር የባቡሩ ነጂ አይቶ ሊያቆም ይችላል? ባቡሩ ራቅ ብሎ ቆሞ ጌቱ ተዘግቶ ሲቆይስ ዞሮ ማለፍ ምን ችግር አለው?

ሲግናል ጥገና
የፌዴራሉ ደንብ መብራቱ ባቡሩ ከመድረሱ ቢያንስ 20 ሰከንድ ቀድሞ እንዲበራ ያስገድዳል። የጌቱ ክንድ መውረድ የሚጀምረው መብራቱ ከበራ ቢያንስ 3 ሰከንድ ቆይቶ ነው፤ ባቡሩ ሊደርስ 5 ሰከንድ ሲቀረው ደግሞ ተጋድሞ ማለቅ አለበት።

አሁን ስሌቱን እዩት። በሰዓት 55 ማይል የሚሄድ ባቡር በ20 ሰከንድ 1,600 ጫማ ገደማ ይጓዛል። 100 ያህል ፉርጎ የሚጎትት የጭነት ባቡር ግን በዚያ ፍጥነት እየሄደ ለመቆም አንድ ማይል (5,280 ጫማ) ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል። ቀዩ መብራት ሲበራ ባቡሩ ማቆም ይችልበት ከነበረው ቦታ ካለፈ ቆይቷል ማለት ነው። አብዛኛው ማቋረጫ ላይ ደግሞ ሐዲዱ ላይ መኪና እንዳለ ለነጂው የሚነግረው መሣሪያ የለም።

ስለቆመው ባቡር፦ ጌቱን የሚያዘው መሣሪያ ባቡሩን የሚያውቀው ሐዲዶቹ ውስጥ በሚያልፍ ደካማ ኤሌክትሪክ ነው፤ የባቡሩ አክስል (ግራና ቀኝ እግሮቹን የሚያያይዘው ብረት) ሁለቱን ሐዲዶች ሲያገናኝ ጌቱ ይወርዳል። ቀላሉ ዓይነት ባቡሩ ክልሉ ውስጥ እስካለ ድረስ እንደዘጋ ይቆያል። እንቅስቃሴ የሚለካው ዓይነት ባቡሩ ሲቆም ይከፍታል፣ ሲንቀሳቀስ መልሶ ይዘጋል። ሹፌር ከውጭ አይቶ የትኛው እንደሆነ ሊለይ አይችልም። ሐዲዱ ከአንድ በላይ ከሆነ ደግሞ የቆመው ባቡር ከኋላው የሚመጣውን ይከልላል። ጌቱ የወረደው ለሁለተኛው ሊሆን ይችላልና ዞሮ ማለፍ በፍጹም አይሞከርም። የተበላሸ ከመሰላችሁ ማቋረጫው ላይ ባለው ሰማያዊ ሰሌዳ ላይ በተጻፈው ስልክ ደውሉ።

ሎኮሞቲቭ 25
ለምን ቶሎ አይቆምም ለሚለው ልጨምር። የጭነት ባቡር ፍሬን በአየር ነው የሚሠራው፤ ቱቦው ከሎኮሞቲቩ እስከ መጨረሻው ፉርጎ ይዘልቃል። ነጂው አየሩን ሲለቅ ግፊቱ ይወድቃል፤ እያንዳንዱ ፉርጎ ይህንን ሲሰማ ነው የራሱን ፍሬን የሚይዘው። ትእዛዙ ረጅም ባቡር ጫፍ እስኪደርስ ሰከንዶች ያልፋሉ። ከዚያ በኋላም ብረት በብረት ላይ ስለሚሄድ ሐዲዱን የመቆንጠጥ አቅሙ ከመኪና ጎማና አስፋልት በጣም ያነሰ ነው፤ ፍሬኑ ከልክ በላይ ቢጠብቅ የባቡሩ እግር ተቆልፎ ይንሸራተታል። ነጂው መሪ የለውም። ያለው ፍሬንና ጥሩምባ ብቻ ነው።

ማቋረጫ ዘግቶ በቆመ ባቡር ፉርጎዎች መካከል መሹለክም ይቅር። የፉርጎዎቹ መጋጠሚያዎች የላላ ክፍተት ስላላቸው ፊት ያለው ሎኮሞቲቭ ሲነሳ ኋላ ያለው ፉርጎ ያለ ማስጠንቀቂያ ይነጠቃል።

ሲዲኤል አሠልጣኝ
የሲዲኤል (የንግድ መኪና መንጃ ፈቃድ) መመሪያው እንደሚለው ትራክ ከትሬለር ጋር አንዱን ሐዲድ ለመሻገር ቢያንስ 14 ሰከንድ፣ ድርብ ሐዲድ ከሆነ ከ15 ሰከንድ በላይ ይወስድበታል። ከ20 ሰከንዱ ላይ ቀንሱት። ስለዚህ ማዶ ሙሉ ትራኩን የሚያስቀምጥ ባዶ ቦታ ካላያችሁ አትግቡ፤ ፊታችሁ ያለው መኪና «ይሄዳል» ብሎ መግባት ነው ብዙ ትሬለር ሐዲድ ላይ የሚያስቀረው። ባቡሩ ከሐዲዱ ውጭ በየጎኑ ቢያንስ 3 ጫማ እንደሚወጣም አስሉ። አደገኛ ዕቃ የሚል ምልክት የተለጠፈበት ትራክና ተሳፋሪ የጫነ አውቶቡስ ከቅርቡ ሐዲድ ከ15 እስከ 50 ጫማ ርቆ መቆም ግዴታው ነው። ማርሹን ቀድማችሁ አስገቡ፤ ሐዲድ ላይ ማርሽ አይቀየርም።

ክንዱ ላያችሁ ላይ ቢወርድ ሰብራችሁ ውጡ። እንዲሰበር ተደርጎ ነው የተሠራው።

ቅጣቱም ቀላል አይደለም፤ በቂ ቦታ ሳይኖር መግባትም ሆነ ሆዱ ዝቅ ያለ ትሬለር ሐዲድ ላይ ማስቀርቀር ለመጀመሪያ ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን፣ በ3 ዓመት ውስጥ ቢደገም 120 ቀን፣ ለሦስተኛ ጊዜ ቢያንስ 1 ዓመት ከሥራ ያግዳል።

የመንገድ ሰው
አመሰግናለሁ። ሎውቦይ (ሆዱ ዝቅ ያለው ትሬለር) ከነጭነቱ ቢቀረቀርስ? መጀመሪያ ምን ይደረጋል?

ሲዲኤል አሠልጣኝ
ውጡ፣ ሌላውንም ሰው አስወጡ። ባቡር እየመጣ ከሆነ ከሐዲዱ እየራቃችሁ፣ ግን ባቡሩ ወደሚመጣበት አቅጣጫ ሰያፍ ሩጡ፤ ፍርስራሹ የሚበረው ባቡሩ ወደሚሄድበት ነው። ከዚያ ሰማያዊው ሰሌዳ ላይ ያለውን ስልክ ደውላችሁ «ሐዲድ ላይ ትራክ አለ» በሉና የማቋረጫውን መለያ፣ 6 አኃዝና 1 ፊደል ነው፣ አንብቡላቸው። ያ ስልክ ባቡሮቹን በሬዲዮ ለሚያስቆመው ድርጅት በቀጥታ ይደርሳል። 911 ከዚያ ቀጥሎ ነው፤ ሰሌዳውን ካጣችሁት ግን ወዲያው 911 ደውሉ። ትራኩን ለማላቀቅ መታገል ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ባቡር መቆሙ በስልክ ሲረጋገጥላችሁ ብቻ።