ዎኪቶኪያችን ወፍ ዋሻ ላይ ድምፁ ጠፋ፤ ተሸወድን ወይስ አያያዙን አላወቅንበትም?

ጉም_ለባሽ፦
ሰላም ቤቶች። ደብረ ብርሃን ነው የምንኖረው፤ ቅዳሜና እሁድ በእግር የምንዞር ስምንት ጓደኛሞች ነን። አንዴ አንኮበር፣ አንዴ ጓሳ። ባለፈው ጉም ወረደብንና ተጠፋፋን። አንዷን ልጅ ከአንድ ሰዓት በኋላ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብላ ስታለቅስ አገኘናት። የስልኩ ኔትወርክ እንደምታውቁት ነው። ከዚያ አዋጥተን አራት ዎኪቶኪ ገዛን፤ ያቺ የሆቴል ጥበቃዎች ወገባቸው ላይ የሚሰኳት ባኦፌንግ 888። ሻጩ «10 ኪሎ ሜትር ትወስዳለች» ብሎ ምሎ ተገዝቶ ነው የሸጠልን።

ከተማ ውስጥ ስንሞክራት ከቤቴ እስከ ጓደኛዬ ሱቅ፣ ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው፣ ጥርት ብላ ሰራች። ወፍ ዋሻ ጫካ ስንወርድ ግን ከፊት ያለው ልጅ ገደሉን ዞር እንዳለ «ሽሽሽ» ብቻ። 400 ሜትር እንኳ አይሆንም። አንዱ ረጅም አንቴና ግዙ ይላል፣ ሌላው 8 ዋት ያለው ግዙ ይላል። ብር ከማውጣታችን በፊት የሚያውቅ ካለ ይንገረን።

ሽቦ_በጣሽ፦
ሻጩ ግማሹን ነው የነገረህ። 10 ኪሎ ሜትር ይሄዳል፣ መሃል ላይ ምንም ከሌለ። የዚህ ሬዲዮ ሞገድ እንደ ባትሪ መብራት ቀጥ ብሎ የሚሄድ ነው፤ ባትሪ ደግሞ ጋራ አያልፍም። ሜዳ ላይ እንኳን ሁለት ሰው ሬዲዮውን ደረቱ ላይ ይዞ ቢቆም 9 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መሬቷ ራሷ ጎብጣ ትጋርዳቸዋለች። በተቃራኒው እኔ ጣርማበር አፋፍ ላይ ቆሜ ታች ቆላ ካለ የሥራ ባልደረባዬ ጋር ከ20 ኪሎ ሜትር በላይ ርቀት ላይ አውርቻለሁ፣ በዚችው በርካሿ።

8 ዋቱን ተወው። ከ2 ወደ 8 ዋት ብትወጣ አራት እጥፍ ጉልበት ነው፤ ርቀቱ ግን ገላጣ ቦታ ላይ ራሱ ቢበዛ እጥፍ ቢሆን ነው። ዋት ጨምረህ ጋራ አትንድም። ባትሪህን ነው ቶሎ የምትጨርሰው።

መፍትሄው ሰው ነው። አንድ ሰው አፋፉ ላይ ይቅር፣ የፊቱንም የኋላውንም የሚያይ፤ ከዚህ የሰማውን ወደዚያ ያቀብል። የመንዝ ሽማግሌዎች ድሮ ከጋራ ጋራ እየተጣሩ ወሬ ሲያሻግሩ እንዲሁ ነበር፣ እነሱ ቻርጅ አያስፈልጋቸውም እንጂ 😄

ዝግባ_ሥር፦
ሽቦ ልክ ነው፣ ግን ጫካውንም እንዳትረሱት። 888 የምትሰራው ከ400 እስከ 470 ሜጋኸርዝ ላይ ነው። ዝናብ የጠጣ የዝግባና የፅድ ቅጠል ያንን ሞገድ ይውጠዋል። ከ136 እስከ 174 ሜጋኸርዝም ላይ የሚሰራው ባለ ሁለት ባንዱ (በሁለት የሞገድ ክልል የሚሰራው) ጫካ ውስጥ ትንሽ ይሻላል፤ ትንሽ ነው ያልኩት። አንቴናዋን ደግሞ ሽቅብ አቁሟት። ብዙ ሰው ወገቡ ላይ ሰክቶ ጎንበስ ብሎ ያወራል፤ ግማሹን የሚውጠው የራሱ ገላ ነው። አውጥተህ ፊትህ ጋ ያዛት፣ ከአፍህ አራት ጣት ያህል አርቀህ።

በቅሎ_ነጂው፦
እኔ ስለ ሞገድ አላውቅም፣ የደረሰብኝን ልንገራችሁ። ጓሳ በኩል እንግዶች ይዘን ስንሄድ ከፊት ያለውን ልጅ ቁልቁለቱ አንሸራተተውና በሬዲዮ «አትውረድ!» አለኝ። እኔ የሰማሁት «ውረድ» ነው። ለካ የመናገሪያውን ቁልፍ ሳይጫን ነው መናገር የጀመረው፣ «አት» የምትለዋ ተበልታ ቀረች። በቅሎዋን እየጎተትኩ ወረድኩላችኋ። እግዜር ይስጣት እሷ ናት እንቢ ብላ ያቆመችኝ፣ ጆሮዋን ሰቅላ ፍንክች አልል አለች።

እና ቋንቋችን ለዚህ ነገር አይመችም። አትምጣ፣ አትለፍ፣ አትንካ፣ እምቢታው ሁሉ ያለው መጀመሪያው ላይ ነው። ቁልፉን ተጭነህ አንድ ሁለት ብለህ ቁጠርና ተናገር። «አትውረድ» ማለትም ቀርቷል፤ እኛ «ቁም፣ ቁም» ነው የምንለው። የሰማው ሰው ደግሞ መልሶ ይናገራል፣ «ቆሜያለሁ» ብሎ። ሌላው ብርዱ ነው። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፣ ሌሊት ውጭ ያደረ ባትሪ ጠዋት ቶሎ ይደክማል። ጋቢ ውስጥ አቅፋችሁት እደሩ።

ወረቀት_ይቅደም፦
ሁላችሁም ዋናውን ዘላችሁታል። ፈቃድ አላችሁ? ፍሪኩዌንሲ የሚፈቅደው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው፣ በአዋጅ ቁጥር 1148/2011። «ሱቅ ውስጥ ተሸጠልኝ» ፈቃድ አይደለም። እነዚህ ሬዲዮኖች ከፋብሪካ የሚመጡት ቻናል ተሞልቶባቸው ነው፤ ያ ቻናል እዚህ አገር ለማን እንደተሰጠ ሳታውቅ ቁልፉን ስትጫን የሰው ሥራ ላይ ልትገባ ትችላለህ። በዚያ ላይ በዚህ ጊዜ አራት ልጅ ሬዲዮ ይዞ ጫካ ለጫካ ሲሄድ ያየ ሚሊሻ ሽርሽር ነው ብሎ አያልፍም። አልፈርድበትምም።

ሽቦ_በጣሽ፦
ይሄ እውነት ነው፣ መጀመሪያ ማለት ነበረብኝ። እኔ የምይዘው በመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ነው፣ ቻናሉም የተሰጠን ነው። እናንተ ስምንት ሰው በየስማችሁ ከምትሯሯጡ ሕጋዊ ማህበር ካላችሁ በእሱ በኩል ሄዳችሁ ጠይቁ።

ጉም_ለባሽ፦
ፈቃዱን ጭራሽ አላሰብነውም፣ እውነቱን ለመናገር። ሻጩም ትንፍሽ አላለም። እንግዲህ አራቱም ሳጥን ውስጥ ገቡ፤ ሰኞ ማህበር ያለው ጓደኛችን ይጠይቅልናል። ረጅሙ አንቴናም ቀርቷል።

የዚህን ሳምንት አንኮበር ግን አንሰርዘውም። ፊሽካ ገዝተናል፣ ለእያንዳንዱ ሰው አንድ አንድ። አንድ ጊዜ ከተነፋ ቁም፣ ሁለት ጊዜ ከሆነ ወደ ድምፁ ና፣ ሶስት ከሆነ ችግር አለ። ያቺ ያለቀሰችው ልጅ ከአሁኑ አንገቷ ላይ አንጠልጥላ ቢሮ ውስጥ ስትነፋ ውላለች።

በቅሎ_ነጂው፦
ፊሽካ አትበላም «አት»ን 😂 አንኮበር ስትደርሱ በቅሎ ካስፈለጋችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።