ድሮ ሰው ጥርሱን አያመውም ነበር?

የማርታ እናት፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ4 ዓመት ልጄ ሁለት ጥርሷ ተቦርቡሯል። እናቴ «ስኳር ሳይመጣ ማን ጥርሱን ያመው ነበር? የተፈጥሮውን ብቻ ስጫት» ትለኛለች። የጥንት አጽም የሚያጠኑ ሰዎች ምን ይላሉ?

ጥርስ ሐኪሙ፦
ሰላም እህቴ። እናትሽ በስኳሩ ልክ ናቸው። በተፈጥሮው ግን አልስማማም። ሞሮኮ ውስጥ ታፎራልት የሚባል ዋሻ አለ። ከ15,000 እስከ 13,700 ዓመት በፊት የኖሩት ሰዎች እርሻ አያውቁም። ሆኖም ከአዋቂዎቹ ጥርስ 51 በመቶው ተቦርቡሮ ተገኝቷል። ይበሉት የነበረው የባሉጥ ፍሬ ስታርች የበዛበት፣ ጥርስ ላይ የሚጣበቅ ነው። የአፍ ባክቴሪያ እሱንም አሲድ ያደርገዋል። ስለዚህ ልጅሽ በቀን ስንቴ እንደምትበላና ምግቡ ጥርሷ ላይ ምን ያህል እንደሚቆይ እዪ። ማርም እኮ የተፈጥሮ ነው!

እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ኢናሜል፣ ማለትም የጥርሱ ጠንካራ የውጭ ሽፋን፣ አንዴ ከተሠራ አይታደስም። ጥርሱ እየተሠራ ሳለ ልጅ ክፉኛ ከተራበ ወይም ከታመመ አግድም መስመር ይቀርበታል። አሜሪካ ኢሊኖይ ውስጥ ዲክሰን ማውንድስ የሚባል የመቃብር ስፍራ አለ። ሰዉ ኑሮውን በበቆሎ ላይ ከመሠረተ በኋላ ይህ መስመር በዝቷል። መስመሩ ያለባቸውም በአማካይ ቀድመው ሞተዋል። እኔም ክሊኒክ ውስጥ አየዋለሁ። መብራቱን ከጎን ሳበራ ብቅ ይላል፤ በመመርመሪያው ጫፍ ስዳስሰው ይቆረቁራል። «ልጅ ሆነህ ታመህ ነበር?» ስለው ታካሚው አያስታውስም። እናቱ አብራ ከመጣች ግን ወዲያው ትነግረኛለች፦ የድርቁን ዓመት፣ ኩፍኙን። የሕፃናት ምግብና ክትባት በጀት ይቀነስ ሲባል የምናደደው ለዚህ ነው። ያ ልጅ አድጎ እኔ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

ቢኒ፦
ዛምቢያ ካብዌ ላይ በ1921 እ.ኤ.አ. የተገኘው የራስ ቅልም ከላይኛው ጥርሶቹ 10ሩ የበሰበሱ ናቸው። ዕድሜው ወደ 300,000 ዓመት ይጠጋል! ሕክምናስ ነበራቸው?

ጥርስ ሐኪሙ፦
ጣሊያን ቪላብሩና ላይ የ14,000 ዓመት አጽም አለ። የበሰበሰው ጥርሱ በባልጩት ተፍቋል። ያለ ማደንዘዣ!

የማርታ እናት፦
ዶክተር እግዜር ይስጥልኝ። ማታ የወተት ጡጦዋን ይዛ ነው የምትተኛው። እሱ ይሆን?

ጥርስ ሐኪሙ፦
ሳይሆን አይቀርም። ስንተኛ ምራቅ ይቀንሳል፤ ወተቱ እዚያው ያድራል። ከዛሬ ጀምሮ ውሃ ብቻ አድርጊላት። ሁለቱን ጥርሶች ደግሞ በዚህ ሳምንት ለሐኪም አሳዪ። የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል ብለሽ አትተዪው፤ ከመረቀዘ ከሥር ያለውን ቋሚ ጥርስ ሊጎዳ ይችላል።