ባጃጅ ማታ ማታ ቻርጅ አያደርግም፣ ባትሪው አዲስ ነው (ድሬዳዋ)

ጠያቂ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባጃጄ 12 ቮልት ናት፤ ከማግኔቱ (ኤሌትሪክ ከሚያመነጨው ዕቃ) ሦስት ቢጫ ሽቦ ይወጣል። ባትሪው ባለ 32 አምፒር አዲስ ነው። ቀን ከሳቢያን ከዚራ ስትመላለስ ደህና ናት፤ ማታ መብራት ሲበራ ግን ሞተሪኖው (ሞተር ማስነሻው) ይደክማል። በቴስተር ባትሪው ላይ ስለካ ሞተር ጠፍቶ 12.1፣ ጋዝ ሲሰጥ 13.1፣ የፊት መብራት ሲበራ 12.3 ይላል። ሬጉሌተር (ወደ ባትሪው የሚሄደውን ቻርጅ የሚቆጣጠረውን ዕቃ) ልግዛ?

የመኪና ኤሌትሪስት፦ አቦ፣ ሳትለካ ዕቃ አትግዛ። ጋዝ ስትሰጥ ባትሪው ላይ ከ13.8 እስከ 14.6 መምጣት አለበት። ከማግኔቱ ጀምር። ሞተሩን አጥፍተህ ወደ ሬጉሌተር የሚገባውን የቢጫዎቹን ሶኬት ንቀል። ከዚያ አስነሳና ቴስተሩን ኤሲ ላይ አድርገህ ቢጫዎቹን ሁለት ሁለቱን ለካ። ቁጥሩ እንደ ሞዴሉ ይለያያል፤ ዋናው ሦስቱም ንባብ እኩል መሆኑና ከጋዙ ጋር መውጣቱ ነው። አንዱ ካነሰ ኮይሉ ተጎድቷል። ሞተሩን አጥፍተህ ደግሞ እያንዳንዱን ቢጫ ከቦዲ ጋር በኦም ለካ፤ ምንም ግንኙነት ማሳየት የለበትም።

ሞተር እየሠራ የባትሪ ካቦ ነቅሎ መሞከር የሚባለውን ነገር እባክህ አታድርገው። ባትሪው ከሌለ ቮልቱ በቅጽበት ያሻቅብና ሬጉሌተሩንም አምፖሉንም ይዞ ይሄዳል።

ሽቦ ዘርጊ፦ ማግኔቱ ጤነኛ ከሆነ ቴስተሩን ዲሲ ላይ አድርግ። ሞተር እየሠራ፣ መብራት በርቶ፣ ቀዩን ጫፍ ሬጉሌተር መውጫ ላይ፣ ጥቁሩን ባትሪ ፖዘቲቭ ላይ አሳርፍ። ከ0.3 ቮልት በላይ ካሳየ ቮልቱ መንገድ ላይ እየቀረ ነው። በኔጋቲቭ በኩልም ከሬጉሌተር ቦዲ እስከ ባትሪ ኔጋቲቭ ለካ፤ ከ0.2 አይለፍ። በቴስተሩ ድምፅ ብቻ አትመን፤ የላላ ሶኬት ጭነት ሳይኖርበት ሁሌም ይጮሃል።

ጠያቂ፦ ለካሁ። ቢጫዎቹ እኩል ናቸው፣ ቦዲም አልነኩም። ኔጋቲቩ 0.1፣ ፖዘቲቩ ግን 1.9!

ሽቦ ዘርጊ፦ በቃ፣ ሬጉሌተርህ ደህና ነው። ደምረው፦ 12.3 እና 1.9 እና 0.1፣ 14.3 ይሆናል። ሬጉሌተሩ የሚያየው የራሱን መውጫ ስለሆነ ባትሪው የሞላ ይመስለውና ከረንቱን ይቆጥባል። አሁን ጥቁሩን ጫፍ ባትሪው ላይ ትተህ ቀዩን በየመገጣጠሚያው ወደ ባትሪው እያስጠጋህ ለካ። ቁጥሩ በአንዴ የወደቀበት ቦታ ጥፋቱ እዚያ ነው። በብዛት ፊውዝ ቤቱ ነው፤ ፕላስቲኩ ጠቁሮ ወይም ቀልጦ ታገኘዋለህ። በብርጭቆ ወረቀት ማሸት አይጠቅምም፣ በሙቀት የላላ ምላስ ተመልሶ አይጨብጥምና ሙሉውን ቀይር። ሽቦው ከነበረው እንዳይቀጥን፣ ፊውዙም በነበረው አምፒር ይሁን። ጠምዝዞ በናስትሮ መጠቅለል የአንድ ወር ሥራ ነው፤ በቆርቆሮ አስበይደው ወይም በደንብ የተጨመቀ ተርሚናል አስገባበት። ስትጨርስ መብራት እንደበራ ከ13.8 በላይ ካገኘህ ተፈቷል። ከ15 ካለፈ ግን ያኔ ሬጉሌተሩን ጠርጥር።

የመኪና ኤሌትሪስት፦ ልክ ነው። የሬጉሌተሩን ክንፎችም ከጭቃ አጽዳቸው፤ በዚህ ሙቀት አየር ካላገኘ አይቆይም።

ባትሪ ቻርጅ ቤት፦ 12.1 ማለት ባትሪው ግማሽ ገደማ ነው። ሽቦውን ጠግነህ ብቻ አትተወው፣ አውጥተህ በ3 አምፒር ሌሊቱን ቻርጅ አስደርገው፤ ጎዶሎውን ከቆየ ሳህኖቹ ላይ ነጭ ጨው ይጋገርና አቅሙ አይመለስም። ክዳን ካለው በየሁለት ሳምንቱ ከፍተህ እይ፤ የድሬ ፀሐይ ውሃውን ቶሎ ይጨርሰዋል። ሳህኖቹ ከታዩ የሚጨመረው ዲስትልድ ውሃ እንጂ አሲድ አይደለም። የቧንቧውንም ተው፣ ኖራው ብዙ ነው።