የቪክቶሪኖክስ ሰንጢ፦ የወይራ እጀታ ማልበስና የሚንሸራተት ቆርኪ መክፈቻ

ሰንጢ_91፦
ሰላም ለሁላችሁ። ሰንጢው ባለ 91 ሚ.ሜ. ቪክቶሪኖክስ ስፓርታን ነው፤ ትልቅና ትንሽ ስለት፣ ቆርቆሮ መክፈቻ፣ ቆርኪ መክፈቻ፣ ወስፌና ቡሽ መንቀያ ያለው። ቀዩ ፕላስቲክ በቁልፍ ማንጠልጠያው በኩል ተሰንጥቋል፤ በወይራ እንጨት ልቀይረው አስቤያለሁ። ሌላ ሁለት ችግርም አለ። ቆርኪ መክፈቻው ወደ ጎን ይወዛወዛል፤ ቢራም ሆነ አምቦ ውሃ ሲከፈት ደግሞ ቆርኪውን እየለቀቀ ይንሸራተታል። ከየትኛው ልጀምር? ፕላስቲኩ እንዴት ይወልቃል? እንጨቱስ በምን ይያዛል? ሞርሳ፣ ትናንሽ ሊማዎችና ትራፓኖ አለኝ።

ሞርሳና_ሊማ፦
እጀታውን መጨረሻ ላይ አድርገው። መሣሪያዎቹን አጣምረው የያዙት የናስ ምስማሮች የሚጠብቁት ፕላስቲኩ ወልቆ ሳለ ብቻ ነው። እንጨቱን አልብሰህ ከጨረስክ በኋላ መክፈቻው አሁንም ቢወዛወዝ የለፋህበትን ነቅለህ እንደ አዲስ ትጀምራለህ።

ስቴኪኒውንና ወረንጦውን አውጥተህ ሰንጢውን እጅ የሚያቃጥል፣ ግን ያልፈላ ውሃ ውስጥ ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ዘፍዝፈው። ፕላስቲኩ በሙጫ የተያዘ አይደለም፤ ከውስጥ በኩል ያሉት ጉድጓዶች የምስማሮቹን ጭንቅላት ቀጭ ብለው ይነክሳሉ፣ በቃ። ስለዚህ ስስ ቢላ በፕላስቲኩና ከሥሩ ባለው አሉሚኒየም መካከል፣ ምስማሩ ባለበት ጫፍ በኩል አስገብተህ ቀስ እያልክ ወደ ላይ አንሳው። ከመሀል አትፈልቅቅ። ስቴኪኒውና ወረንጦው የሚገቡበት ቦታ ስስ ስለሆነ እዚያ ላይ ቶሎ ይሰበራል። የተሰነጠቀውንም ሆነ ደህናውን አትጣል፣ ልክ መውሰጃ ይሆኑሃል።

ከዚያ እጠበው። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ውስጥ ሁሉንም መሣሪያ ደጋግመህ ክፈት ዝጋ፤ የለስላሳ መጠጥ ስኳርና የኪስ አቧራ ሞልቶት ሳለ የላላውን ካልላላው መለየት አይቻልም። ሲደርቅ በየመገጣጠሚያው አንድ ጠብታ ዘይት በቂ ነው። ምግብ የምትቆርጥበት ከሆነ የፓራፊን ዘይት ተጠቀም።

አሁንም የሚወዛወዝ ከሆነ ምስማሩ ላልቷል ማለት ነው። አንዱን ጭንቅላት ጠንካራ ብረት ላይ አስደግፈህ ሌላውን ክብ አፍ ባለው ትንሽ መዶሻ ነካ ነካ አድርገው። በየ2 ወይም 3 ምቱ መክፈቻውን ከፍተህ ሞክር። በአንድ ኃይለኛ ምት ልጨርስ ካልክ ምስማሩ ውስጥ ለውስጥ ያብጣል፤ ሞላውም መክፈቻውን ጠቅ አድርጎ መመለስ ያቅተዋል። ትንሽ ከጠበቀ ዘይት አድርገህ ደጋግመህ መክፈትና መዝጋት ያላላዋል፤ ብዙ ከጠበቀ ግን ምስማሩን ሰርስሮ ከማውጣት ሌላ መንገድ የለም።

ወደ ቆርኪው እንምጣ። የመክፈቻው ጫፍ ቆርኪው አናት ላይ ያርፋል፤ መንጠቆው ደግሞ ከ21ዱ ጥርሶች ሥር ገብቶ ወደ ላይ ይስባል። የመንጠቆው ከንፈር ሲዶለዱም ጥርሱን መያዝ ትቶ ይንሸራተታል። መብራት ሥር አዙረህ እየው። ከንፈሩ ላይ ነጭ መስመር ካብረቀረቀ ዶልዱሟል፤ ስል ጠርዝ ብርሃን አይመልስም። ፋብሪካው ለስለቱ 56፣ ለመክፈቻዎቹ 52 ኤችአርሲ (የብረት ጥንካሬ መለኪያ ነው) ጥንካሬ ስለሚሰጥ ተራ ትንሽ ሊማ ይበላዋል። ከመንጠቆው በውስጥ በኩል ብቻ፣ የነበረውን ማዕዘን ሳትቀይር፣ ቢበዛ 0.3 ሚ.ሜ. አንሳለት። ከዚያ በላይ ከሄድክ ክፍተቱ ሰፍቶ ቆርኪው ጭራሽ አይያዝም። ግራይንደር አታስጠጋው፤ ብረቱ ሰማያዊ ከሆነ ጥንካሬው ሄዷል፣ ከንፈሩም ቶሎ ይታጠፋል።

አንዳንዴ ጥፋቱ የአከፋፈቱ ነው። መክፈቻው ግማሽ ላይ ጠቅ ብሎ የሚቆመው ጫፉን እንደ ካቻቪቴ ለመጠቀም ነው፤ ለጠርሙስ እስከ መጨረሻው ዘርጋው። አንድ ቦታ በኃይል ከመጎተት ጠርሙሱን ዞር አድርገህ ሁለት ቦታ ላይ በትንሽ በትንሹ አንሳው። ወደ ጎን እየጠመዘዙ መፈልቀቅም ምስማሩን ያላላዋል፤ ያንተም መወዛወዝ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

የወይራ_ቅርፊት፦
ብረቱን ሞርሳና_ሊማ ጨርሶታል፤ እኔ ስለ እንጨቱ ልበል። ወይራ ጥሩ ምርጫ ነው፤ ከዋንዛ ይልቅ ጠንካራና ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ስስ ሆኖም ይችላል። ግን በደንብ የደረቀ መሆን አለበት። እርጥቡን ካለበስከው በበጋ ይሰበሰብና ምስማሩ ጋ ይሰነጠቃል።

100 በ30 ሚ.ሜ. የሆኑ፣ 5 ሚ.ሜ. ውፍረት ያላቸው ሁለት ቁራጮች አዘጋጅ። ከአንድ ግንድ ተከታትለው የተሰነጠቁ ቢሆኑ መስመሩ በሁለቱም ጎን ይመሳሰላል። የውስጡን ገጽ መስታወት ላይ በተነጠፈ ብርጭቆ ወረቀት፣ በቁጥር 120 ከዚያም በቁጥር 240፣ ፍጹም ጠፍጣፋ አድርግ። የምስማሮቹን ቦታ በማስመሪያ ለማግኘት አትድከም። ጭንቅላታቸውን የማኅተም ቀለም ቀብተህ እንጨቱን ጫን ብታደርግበት ቦታቸው ራሱ ይታተማል።

ከባዱ ጉድጓዱ ነው። ስፋቱ ከምስማሩ ጭንቅላት 0.1 ሚ.ሜ. ያህል ሰፋ፣ ጥልቀቱ ከቁመቱ 0.3 ሚ.ሜ. ያህል ዘለቅ ይበል። ጭንቅላቱን በካሊፐር ለካ እንጂ በግምት አትሥራ። የተራ ትራፓኖ ፑንታ ጫፉ ሾጣጣ ስለሆነ በሌላው በኩል ይወጣብሃል፤ አፉ ጠፍጣፋ የሆነ ፈልግ፣ ፑንታው ላይም ጥልቀቱን የሚያሳይ ፕላስተር ጠቅልል። እንጨቱ ሲያልቅ ወደ 3 ሚ.ሜ. ይጠጋ፤ በጣም ከሳሳ ጉድጓዱ በላይ የሚቀረው ቅርፊት ብቻ ነው።

ዳሩን ከአሮጌው ፕላስቲክ ልክ 1 ሚ.ሜ. አስፍተህ ቁረጥ፣ የቀረውን ሰንጢው ላይ አስቀምጠህ በሊማ አውርደው። ከዚያ በፊት ግን መገጣጠሚያዎቹን ሁሉ በፕላስተር ሸፍን፤ የእንጨት ዱቄት ከዘይት ጋር ሲገናኝ ጭቃ ይሆናል። ጥፍር የሚያዝባቸው ቦታዎች በኩል እንጨቱ ከአሉሚኒየሙ ጠርዝ አልፎ ከወጣ ደግሞ መክፈቻውን በጥፍር ማንሳት አይቻልም።

ሰንጢ_91፦
ሁለታችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሱፐር ግሉ ይበቃል ወይስ ኢፖክሲ ልግዛ? የበሬ ቀንድስ እንዴት ነው?

የወይራ_ቅርፊት፦
ሁለቱንም ተው። ሱፐር ግሉ ቀጭን ስለሆነ ወደ መገጣጠሚያው ሰርጎ መክፈቻውን ያደርቀዋል፤ ኢፖክሲ ደግሞ ወደፊት ምስማር ማጥበቅ ቢያስፈልግ እንጨቱን ሳትሰብር አያስወልቅህም። እንጨት እንደ ፕላስቲኩ ቀጭ ብሎ ስለማይነክስ የሆነ ነገር ግን ያስፈልገዋል። በእያንዳንዱ ጎን የምስር ፍሬ የምታህል ሁለት ሦስት ነጥብ ሲሊኮን ከዳሩ ራቅ አድርገህ አስቀምጥ፣ በሞርሳ በእንጨት መሀል ለዘብ አድርገህ ይዘህ 24 ሰዓት ተወው። በሁለት በኩል የሚጣበቅ ስስ ፕላስተርም ይሠራል።

ማለስለሱ በ400ና በ600 ይለቅ። ከዚያ የተልባ ዘይት በስሱ ቀባ፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ የተረፈውን ጥረግ፤ ጥሬው ከሆነ በየቅቡ መሀል ቀናት መጠበቅ ግድ ነው። የምግብ ዘይት ግን እንደ ተጣበቀ ይቀራል፣ ሽታም ያመጣል። አደራ፣ የተልባ ዘይት የነካውን ጨርቅ ጨብጠህ ጥግ አትጣል፤ ተጨማዶ ሲቀመጥ ራሱን በራሱ ግሎ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግተህ ውጭ አድርቀው።

ቀንድ ያምራል፣ ሲወለወልም ከወይራ ይበልጣል። ነገር ግን በሙቀት ይጣመማል፣ እርጥበትም ይጠጣል። ሰንጢህ ማጠቢያ ውሃ የሚያዘወትር ስለሆነ ለዚህ ሥራ አልመርጠውም።

ሞርሳና_ሊማ፦
እኔ ቀንድን እንዲህ አልገፋውም። ጠፍጣፋ ተደርጎ በክብደት ሥር ሳምንታት ከቆየ በኋላ የተቆረጠ ከሆነ ይረጋል። ለመጀመሪያ ሥራ ግን ወይራ ይሻላል በሚለው እስማማለሁ።

ለሌሎች አንባቢዎችም፦ ይህ ዘዴ ለ91 ሚ.ሜ. ፕላስቲክ ለለበሱት ነው። እንደ ፓዮኒርና ካዴት ያሉት ባለ አሉሚኒየም እጀታዎች በምስማሩ አብረው የተመቱ ናቸው፤ በቢላ ለማንሳት ከሞከራችሁ አሉሚኒየሙን ታጎብጣላችሁ እንጂ አይለቅም።

ቴምዝ_ዳር፦
እንግሊዝ ላላችሁ አንድ ነገር ልጨምር። እዚህ ያለ በቂ ምክንያት በኪስ መያዝ የሚፈቀደው የሚታጠፍ፣ የማይቆለፍና የስለቱ ጠርዝ ከ3 ኢንች፣ ማለትም ከ7.62 ሳ.ሜ. የማይበልጥ ሰንጢ ነው። ስፓርታን እንዳለ ከዚህ ልክ ውስጥ ነው። እጀታውን እንደ ፈለጋችሁ አሳምሩ፤ ስለቱ ተዘርግቶ እንዲቆለፍ የሚያደርግ ነገር ግን አትጨምሩበት። ለአውሮፕላን ጉዞ ደግሞ በእጅ ሻንጣ ሳይሆን በሚጫነው ሻንጣ ውስጥ ይግባ።