ተማሪዎቼን ወደ ደቻቱ እንዴት ላውጣ?

ሰላም መምህራን። ድሬዳዋ ውስጥ 6ኛ ክፍል የአካባቢ ሳይንስ አስተምራለሁ። አቦ፣ አንድ ነገር አማክሩኝ።

ስለ አፈር መሸርሸር ከመጽሐፍ እናነባለን። ከተማችንን አቋርጦ የሚያልፈው የደቻቱ ወንዝ ግን በእግር ቅርብ ነው። አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ደንገጎ በኩል ተራራው ላይ ሲዘንብ ደግሞ ከተማው ውስጥ ጠብ ሳይል ጎርፍ ሊመጣ ይችላል። የተራቆተ ተራራ ውሃ እንደማይዝ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምን አለ?

ርዕሰ መምህሩ «አንድ ነገር ቢሆን ማን ይጠየቃል?» አሉኝ። እውነታቸውን ነው። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ250 በላይ ሰው ገድሏል። ቤተሰባቸው ያኔ ሰው ያጣባቸው ልጆች ክፍሌ ውስጥ አሉ። ስለዚህ ጉዳዩ የፈቃድ ብቻ አይደለም። ልጆቹን ሳላስደነግጥ፣ ነገሩንም ሳላድበሰብስ እንዴት ላንሳው? ወላጆችን አስቀድሞ ማነጋገር ይሻላል?

እስከዚያው ግቢያችን ውስጥ ባለው የኒም ዛፍ ልጀምር አስቤያለሁ። ጥላው ሥርና ፀሐይ ላይ ያለውን ሙቀት ለክተን እናነጻጽራለን። ያለኝ ቴርሞሜትር ግን አንድ ብቻ ነው፣ ልጆቹ ከ60 በላይ፣ ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ። (የድሬን ፀሐይ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።) በየተራ ከለኩ ሰዓቱ ያልቃል። ያለ መሣሪያ የሚሠራ ነገር የሞከረ አለ?

ለወላጆች የላካችሁት የፈቃድ ደብዳቤ ካለም አካፍሉኝ። የበልግ ዝናብ ሳይጀምር ብንወጣ እመርጣለሁ።