ድምፅ ለማስተማር የት ልሰልጥን?

ጥያቄ፦ ሰላም ለሁላችሁ። አራት ኪሎ አካባቢ በተከራየኋት ክፍል ዘፈን አስተምራለሁ። ዲግሪዬ ለመድረክ አዘጋጅቶኛል፤ የሌላ ሰው ጉሮሮ ግን ሌላ ነገር ነው። አንዷ ተማሪዬ በአንቺሆዬ ቅኝት ስትዘፍን፣ ዜማው ከፍ ሲል አገጯ ይነሳል፣ የአንገቷ ሥር ይገተራል፣ ድምጿም ይታፈናል። «ዘና በይ» ከማለት ውጪ ምን ልበላት? በጣም ያሳስበኛል። የድምፅ መምህር ምን መማር አለበት?

መልስ፦ እህቴ፣ ከማንቁርት አሠራር ጀምሪ። ለጊዜው ዜማውን በቀጭን ስትሮ ውስጥ ታንጎራጉረው፤ የሚመለሰው የአየር ግፊት የድምፅ አውታሮቿ ሳይጨናነቁ እንዲርገበገቡ ያግዛል። ድምጿ ጎርንኖ ለሳምንታት ከቆየ ግን ሐኪም ይያት።

መልስ፦ ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት ሄደሽ ነባር መምህራን ሲያስተምሩ ለማየት አስፈቅጂ። አሜሪካ ውስጥ በ1944 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው የዘፈን መምህራን ማኅበርም ጀማሪውን ከነባሩ ጋር አጣምሮ ያሠለጥናል። በነባር መምህር እየታዩ ማስተማርን የሚተካ የለም።

መልስ፦ በዚህ እስማማለሁ፤ ግን የውጭው ሥልጠና በአብዛኛው በኦፔራ ላይ የቆመ ነው። የእኛን ቅላጼ ከአዝማሪዎች ተማሪ።

ጠያቂዋ፦ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ነባር መምህር የምታውቁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፤ ክፍል ጥግ ቁጭ ብዬ ማየት ብቻ ይበቃኛል።