ብሮከን የሚወጣው የከሰል ባቡር ያለ ጥርስ ሐዲድ እንዴት ነው ዳገቱን የሚችለው?

ኪያ_ላይፕዚግ፦
ሰላም ወገን፣ ሰሞኑን ከልጆቼ ጋር ጀርመን ያለው የሃርዝ ተራራማ አካባቢ ሄደን ከቬርኒገሮደ ከተማ ብሮከን ተራራ ጫፍ ድረስ በእንፋሎት ባቡር ወጣን፣ ደስ ሲል! ግን አንድ ነገር አልገባኝም፣ እንደ ስዊዝ ተራሮች መሀል ላይ ጥርስ ያለው ሐዲድ አለ ብዬ ስፈልግ የለም፣ ተራ ሐዲድ ነው። ያን ሁሉ ሰው ጭኖ እንዴት አይንሸራተትም? ደሞ ጀርመንን የሚያህል አገር እስከ ዛሬ ለምን በከሰል? ለቱሪስት ተብሎ የተሰራ ነው እንዴ?

የድሬ_ልጅ፦
ዳገቱ በየ30 ሜትሩ 1 ሜትር ነው የሚወጣው፣ ለመኪና ምንም ነው፣ ብረት በብረት ላይ ሲሄድ ግን ከባድ ነው። ስለዚህ ማሽኑ ራሱ ከባድ ነው፣ 60 ቶን ገደማ፣ ጉልበቱ ደሞ አንድ ላይ ለተያያዙ 10 ጎማዎች ይከፋፈላል፣ ሐዲዱ ሲርስ ወይ ቅጠል ሲበዛበት ከጎማው ፊት አሸዋ ይለቃሉ። ድራይ አነን ሆነ ጣቢያ ላይ ረዘም አድርጎ የቆመው ውሃ ሊሞላ ነው፣ ከዛ 19 ኪሎ ሜትር ሙሉ ዳገት ነው፣ ከ540 ሜትር ገደማ ተነስቶ 1,125 ሜትር፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ መውጣት ስለማይችል ተራራውን እየዞረ ነው የሚወጣው። የሐዲዱ ስፋት 1 ሜትር ነው፣ ልክ እንደ ድሮው የጅቡቲ ምድር ባቡራችን፣ ጠበብ ሲል ተራራ ላይ እንደልብ ይታጠፋል ወጪውም ይቀንሳል።

ሰላም_ከሃለ፦
ኧረ ለቱሪስት ብቻ አይደለም! ሃርዝ እኮ ብር፣ እርሳስና ብረት ለዘመናት ሲቆፈርበት የኖረ አገር ነው፣ ጎስላር ያለው ራመልስበርግ ከ1,000 ዓመት በላይ ተሰርቶበት በ1988 ነው የተዘጋው። በዘልከ ሸለቆ በኩል ያለው የዚሁ የሃርዝ ባቡር መስመር በ1887 ሲከፈት ማግደሽፕሩንግ የብረት ፋብሪካ ነበረ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሶቭየቶች የዚህን መስመር አብዛኛውን ሐዲድ ለካሳ ነቅለው ወሰዱት፣ ከፊሉ ቶሎ ተመለሰ፣ የቀረው ክፍተት ግን በ1983 ነው የተዘረጋው፣ ምክንያቱም ዚልበርሁተ ላለው የማሞቂያ ጣቢያ ከሰል ማድረስ ነበረባቸው፣ የትልቁን ባቡር ፉርጎ እንዳለ በትንሹ ጋሪ ላይ ጭነው ነበር የሚያመጡት፣ እኔን የሚገርመኝ ይሄ ነው።

ብሮከን ደግሞ ከ1961 ጀምሮ ለሕዝብ ዝግ ነበር፣ የምስራቅና የምዕራብ ጀርመን ድንበር ስለሆነ፣ ለወታደሮቹ ግን የጭነት ባቡር ይወጣ ነበር። ታህሳስ 3 ቀን 1989 በፈረንጆቹ ሰዉ በእግሩ ወጥቶ በሩን አስከፈተ፣ ባቡሩም በ1991 ተመለሰ።

ለምን በከሰል ላልሽው፣ ምስራቅ ጀርመን 30 ዲዝል አዘጋጅታ ልትተካቸው ነበር፣ 10ሩ እንዳለቁ የበርሊን ግንብ ፈረሰ፣ እቅዱም ቀረ። እንኳንም ቀረ! የዛሬዎቹ አብዛኞቹ በ1950ዎቹ ባቤልስበርግ የተሰሩ ናቸው።

ኪያ_ላይፕዚግ፦
ኧረ እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም፣ ለልጆቹ ዛሬውኑ ነው የማነብላቸው። በሚቀጥለው ክረምት ደግመን ብንሄድስ?

የድሬ_ልጅ፦
ሂዱ፣ ግን በፉርጎዎቹ ጫፍ ያለው ክፍት በረንዳ ላይ ቁሙ፣ ማሽኑ ዳገት ሲይዝ እዛ ነው በደንብ የሚሰማው፣ ነጭ ልብስ ብቻ እንዳትለብሱ ጥላሸት አለው። ሙቀቱ ከብዶ ጫካው ከደረቀ ለእሳት ፈርተው በዲዝል ይጎትቱታል፣ ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት ዌብሳይታቸውን እዪ።